በጣቴ አንኳኩቼ የመረጥኩት መኪና

ለማንም ያልነገርኩትን ከሰላምታው ፊት ላስቀድም። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ ወረቀቱን በጤና ጥያቄ ሞልቼ፣ «ሌላ አዲስ ነገር የለም» ብዬ አጥፌ እልክልዎታለሁ። ያንን ክብ መብራት ያለውን አሮጌ መኪና ያኔ የመረጠው ባለቤቴ፣ ወንድምዎ፣ አልነበረም። እኔ ነኝ።

አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ የሚይዝዎት ሕመም ለቀቅ አደረገዎት ወይስ እንደ ቤተሰብ ለምዶ ቀረ? እትዬስ እንዴት ናቸው? መነጽር እንደታዘዘላቸው ሰምቻለሁ፤ ያደርጉታል ወይስ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተውታል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ወደቡ ላይ ሥራው እንደበዛብዎ ጽፈው ነበርና እንቅልፍዎን አይንፈጉ። እኔ ደህና ነኝ። ያ ሳል ለቆኛል። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል፤ ግን የሚያፈሰው ከአልጋው ማዶ ስለሆነ ተቻችለን እንኖራለን።

ልጄም ደህና ናት። እንደሚያውቁት ከመጪው ወር ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ላሉት መንደሮች አዋላጅ ሆና ለብቻዋ ትሠራለች። የክሊኒኩ መኪና አንድ ነው፤ እሱም ሁሉም የሚጎትተው ስለሆነ ምጥ የያዛት ሴት ተራ ጠብቃ ትውለድ ካልተባለ በቀር የራሷ መኪና ያስፈልጋታል። እርስዎም ይህን አስበው የሁለቱን ያገለገሉ መኪኖች ፎቶ ስለላኩልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ፎቶዎቹን ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰክቻቸዋለሁ። የአንድ ቤት ልጆች ቢሆኑም አንዱ አያት አንዱ የልጅ ልጅ ነው የሚመስሉት። ክብ መብራቱ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ ነው፤ አዲሱ ጉንጩ ሞላ ብሎ፣ ትከሻው ለስልሷል።

በደብዳቤዎ ያሉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ልቤ ወደ አዲሱ ያደላል፤ ልጅቷ ግን በስልክ፣ አባዬ ያኔ ሁለቱንም ዓይነት አይቶ አሮጌውን መረጠ፣ እሱ ከሁላችንም በላይ መኪና ያውቅ ነበር ስትለኝ ክርክሩን ተውኩት። የሟች ቃል አላፈርስም። አንቺ ምከሪያትና ቁርጡን ጻፊልኝ» ብለውኛል። ምክር ከመስጠቴ በፊት ዞር ዞር ብዬ ላጣራ አልኩ፤ ያገኘሁትን እንዲህ እጽፍልዎታለሁ።

መጀመሪያ ፎቶዎቹን ይዤ ሰው ሁሉ ብሎን እያለ ወደሚጠራው መካኒክ ሄድኩ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ክብ መብራቱን ሲያይ የድሮ ወዳጁን ያገኘ መሰለ። «እትዬ፣ ይሄ ቢሰበር በመዶሻና በሽቦ ይነሳል። የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ ባሌስትራው፣ ያ የተደራረበው ብረቱ፣ ድንጋይ ላይ ቢያርፍ ድንጋዩ ነው የሚያዝነው» አለኝ። ወደ አዲሱ ሲዞር ከንፈሩን ጣል አደረገ። «ይቺ ደግሞ ስታኮርፍ ሽማግሌ አይበቃትም፣ ኮምፒውተር ነው የሚላክባት። የፊት ጎማዎቿ ለየብቻ በሞላ የሚሄዱ ስለሆኑ ለወገብ ትመቻለች፤ ግን ሴንሰሯ ጭቃ ሲነካው ሆድ ይብሳታል።» ረዳቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ፣ መኪናው ሲጋጭ በመዶሻና በሽቦ ይነሳል፣ ውስጥ ያለው ሰውስ በምን ይነሳል ብዬ ጠየቅሁት። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እትዬ፣ እኔ የምጠግነው መኪና ነው» አለኝ። መልሱን አልጠላሁበትም፤ እውነቱን ነው።

ቀጥሎ ከልጄ ጋር ሁለቱንም ዓይነት በዚያው በምትሠራበት መንገድ ሄደን አየናቸው። ለክብ መብራቱ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የወንድምዎን መኪና የገዛው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዛሬም ይነዳዋል። ልጄ ከተማ ውስጥ ቆሞ ባገኘችው ቁጥር ኮፈኑን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ ሳታደርግ አታልፍም። የወፍጮ ቤቱ ሰው በደስታ ወሰደን። እሷ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ፣ እሱ ከኋላ። ያንን ወንበር ካየሁት ስንት ዘመኔ፤ ጨርቁ ተቀይሯል፣ መሪው ግን ያው መሪ ነው። ወንዙ ላይ ስንደርስ ውሃው እስከ በሩ ወጣ፤ መኪናው እንደ በሬ አንገቱን ደፍቶ ተሻገረ። ጥርሴ እርስ በርሱ ተጋጭቶ አለቀ፤ ልጄ ግን ከት ብላ ስትስቅ አባቷን መሰለችኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰው በኩራት፣ «ይሄ መኪና ሁላችንንም ቀብሮ ነው የሚቀረው!» አለ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና ከንፈሩን ነከሰ። ልጄም መኪናውን ወደ ቤት አዞረች።

በሌላ ቀን የክሊኒኩ ሾፌር አዲሱ ዓይነት በሆነው በክሊኒኩ መኪና ወሰደን። ያን ቀን የነዳው እሱ ነው፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። ገና ቁልፉን ሳያዞር፣ «እማማ፣ ቀበቶ! ያለ ቀበቶ ይሄ መኪና እንደ አማት ይነዘንዛል» አለኝ። እውነትም ቀበቶውን እስካስር ጢጥ ጢጥ ሲል ነበር። ወንዙን እንደ ክብ መብራቱ በድፍረት አልገባበትም፤ ሾፌሩ ወርዶ ጥልቀቱን በእንጨት ለክቶ፣ ሳሳ ባለው በኩል አሻገረው። ማዶ ስንደርስ አንዲት ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በራች፤ ሾፌሩ ተሳደበ፣ አጥፍቶ ሲያስነሳው ጠፋች። ይህን የምጽፍልዎ አዲሱ ነውር የለውም እንዳልል ነው። ስንመለስ ግን ቁልቁለቱ ላይ ጥጃ ዘሎ ገባብን። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቀበቶው ደረቴን ይዞ ከወንበሩ ጋር አጣበቀኝ። ሾፌሩ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ጥጃውም ደህና ነው» አለኝ። የደነገጥኩ መስሎት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ያኔ ወንድምዎን እንዲህ ይዞት ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነበር።

ቤት ስንገባ ልጄ ጫማዋን እያወለቀች ፍርዷን ሰጠች። አዲሱ እንደሚመች፣ ፍሬኑም ጥሩ እንደሆነ አልካደችም። «ግን እማዬ፣ አባዬ ይሄን ሁሉ አይቶ ነው አሮጌውን የመረጠው» አለች።

አሁን ያኔ የሆነውን ልንገርዎ። ሁለቱም መኪኖች ሻጩ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። እርስዎ አዲሱን ይያዝ ብለው መክረውታል፤ ወንድምዎም በነገሩ ተስማምቶ ነበር የሄድነው። ስለ ቀበቶው፣ ሲጋጭ ከመሪው ውስጥ ስለሚነፋው ኤርባግ መንገዱን ሙሉ ሲያወራኝ ነበር። እናቴ ሸክላ ስትገዛ በጣቷ አጥንት አንኳኩታ፣ ድምፁን ሰምታ ነበር የምትመርጠው። እኔም መኪኖቹን እንደዚያ አደረግኋቸው። የአሮጌው በር ወፍራም ድምፅ መለሰልኝ። የአዲሱ እንደ ጣሳ ጮኸ፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው እንዲያውም ሰርጎድ አለ። ቆርቆሮ ነው፣ ልጃችንን በቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠህ ልትሄድ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። «እንስራ ልንገዛ የመጣን መሰለሽ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩም። እኔ ጮኼ አላውቅም፤ የእኔ ጩኸት ዝምታ ነው። ቤት ገብቼ ዝም አልኩ። ምግብ አቀርባለሁ፣ ልብሱን እተኩሳለሁ፣ ቃል አልናገርም። ያ ሰው ዝምታዬን አይችልም ነበርና በመጨረሻ ሄዶ ክብ መብራቱን ገዛ። እርስዎ እንዳይቀየሙኝ ብሎ ደግሞ ለሁሉም፣ «እኔ ብረት እወዳለሁ» ብሎ ነገረ። ለልጃችንም ያለው ይህንኑ ነው። ሽፋን ሊሆነኝ ብሎ የተናገረውን ቃል ነው ዛሬ የሟች ቃል ብላችሁ የያዛችሁት።

የደረሰውን ያውቁታል። መንገዱ ደህና ነበር፣ ፍጥነቱም ያን ያህል የሚባል አልነበረም። ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመ። መኪናው አንድ መብራት ብቻ ነው የተሰበረበት። ወንድምዎን መሪው ደረቱ ላይ መታው። ለቅሶ ላይ ሰዎች፣ «ብረት ማለት እንዲህ ነው፣ ሌላ መኪና ቢሆን ተጨማዶ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። እርስዎ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ «ጠንከር ብዬ ብናገረው ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሲሉ ነበር። ያኔ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። ያለቀስኩ መስሏችሁ ውሃ አመጣችሁልኝ። እየተደበቅሁ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ሸክም እርስዎ ትከሻ ላይ አይቼ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ሰውም ዝምታዬን ጨዋነት አደረገልኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ሳሙና የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። እሷ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ስትማር ያመጣችውን መጽሐፍም አነበብኩ። እዚያ ላይ የአዳዲስ መኪኖች ፊት ሆን ተብሎ እንዲታጠፍ ተደርጎ እንደሚሠራ፣ የግጭቱን ጉልበት እሱ እንደሚበላው ተጽፏል። በእኔ አነጋገር፣ ቆርቆሮው የሚጨማደደው ሰው እንዳይጨማደድ ነው። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ደጋግሜ አነበብኩት። ያው ያንኳኳሁበት ጣት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አዲሱን ገዝቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ያን የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። የማውቀው ግን ልጄ አባቷን የተከተለች መስሏት የምትከተለው የእኔን ጣት መሆኑን ነው። እሷም መንገዱ ላይ ብቻዋን ነው የምትሆነው።

ስለዚህ የጠየቁኝ ምክር ይህ ነው፤ አዲሱ ይሁን። ከአዲሱም ቢሆን ከፍታውን በአየር የሚያስተካክለው ይቅር፤ ብሎንም ሾፌሩም በዚህ አንድ ቃል ናቸው፤ ተራ ሞላ ያለውን ይያዙላት። ወደቡ አጠገብ የቆመ ስለሆነ ሥሩ ገብተው ሻንሲው፣ የመኪናው ዋና የብረት አጥንት፣ በጨው አለመበላቱን ይዩ፤ ምንጣፉንም ገልጠው ያሽትቱት፣ ባሕር የገባበት መኪና ሽታው አይለቅም ይላሉ። ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ማለት ነው፣ እንዳይገዙት። ይህን ሁሉ አውቃ፣ እውነቱን ሰምታ፣ አሁንም ለወንዙ ክብ መብራቱ ይሻለኛል ካለች ነጂዋ እሷ ናት፤ ደህና ቀበቶ ይታሰርበትና ይሁን። ብቻ የምትመርጠው በራሷ ዓይን እንጂ አባቷ ባላለው ቃል አይሁን።

በአፌ ልነግራት ሞክሬ ነበር። የሥራ ልብሷን ስትተኩስ አጠገቧ ቆሜ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ፣ «ምነው እማዬ፣ ጨው አለቀ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በማግስቱም ሞከርኩ፤ ያን ቀንም ጨው አለቀ። አሁን ቤታችን ጨው በጨው ሆኗል፣ ነገሩ ግን አልተነገረም። ከአፌ ይልቅ እጄ ይደፍራል መሰለኝ፣ ወረቀት አነሳሁ።

እርስዎ ሊቀየሙኝ ይችላሉ፤ ተገቢ ነው። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እንዳይሉ። እርስዎ ተናግረዋል፤ እሱም ሰምቶዎት ነበር።

እትዬን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ መነጽሩንም በግድ ያድርጉላቸው። ትልቋ ልጅዎ በአዲሱ ቤቷ በሰላም ትኑር። መንታዎቹ አሁንም ማን ቀድሞ እንደተወለደ ይጣላሉ? ሁለቱንም እኩል እንደምወዳቸው ይንገሩልኝ። በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ለሚቆጥሩት ጎረቤትዎ አባባም ሰላም ይበሉልኝ፤ የእኔን ደብዳቤ ከፖስተኛው እጅ አይተው ከእርስዎ ቀድመው እንደሚያውቁ አልረሳሁም።

ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ቤታችን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል።

ፖስታውን አልለጠፍኩትም። ደብዳቤዎቼን ሁልጊዜ ወደ ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ ልጄ ናት፤ ዛሬ ስሰጣት አንብበሽ ለጥፊው እላታለሁ፣ ሌላ ቃል አይጠበቅብኝም። የመጨረሻውን ገጽ ግርጌ ባዶ ትቼላታለሁ፤ የትኛውን መኪና እንደምትፈልግ በራሷ እጅ ትጽፍልዎታለች። እነዚህን ወረቀቶች መጀመሪያ የምትቀበለው እሷ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ እርስዎ።