ሻፊ፣ ሽማግሌ ይመጣብሃል

ሻፊዬ፣ እንዴት ነህ? ሱቅህ ውስጥ ተቀምጠህ «ይሄ መንገድ ለጀማሪ ቀላል ነው፣ ቀን በእግር፣ ማታ በድንኳን» ብለህ ከስልክህ የመረጥክልን ተራራ ላይ ነን። አንተ ራስህ ከሳሪስ የእግረኛ ድልድይ በላይ ወጥተህ አታውቅም!

ትናንት ሲመሻሽ እኔና ሐጀራ ድንኳናችንን ተክለን ሳንጨርስ ጋሽ ሳህሌ የሚባሉ ያገሩ ሽማግሌ ደረሱ። «ማን ሞቶ ነው?» አሉ ደንግጠው። ማንም አልሞተም፣ ውጭ ለማደር ነው አልናቸው። ይሄኔ ባሰባቸው። «ታዲያ ከማን ተጣልታችሁ ነው?»

እኛ ሰፈር ቃሊቲ ቢሆን ከባድ መኪና ስር ብንተኛም ዞር ብሎ የሚያየን የለም። እሳቸው ግን ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ተመለሱ። «ለመዝናናት ነው» ብንል ማን ይመነን? ሐጀራ እግሯ ተላልጦ ስለነበር ንዴቷን ባንተ ተወጣችው። «ወንድማችን ሻፊ ከቤት አባሮን ነው» አለች። እኔም ውሸቷን ለማገዝ አንገቴን ደፋሁ። ድንኳናችንን ወዲያው ነቀሉት፤ ቤታቸው ወስደው ቆጮ በጎመን አበሉንና እሳት ዳር አስተኙን።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፣ እህትህን ናዕማንም ሰላም በልልኝ። ይህን ፖስት ካርድ ቀድሞ እንዲደርስህ በአይሱዙ ሾፌር ልኬዋለሁ፤ ምክንያቱም እሁድ ጋሽ ሳህሌ እኛንና ማር ይዘው ሊያስታርቁን ሱቅህ ድረስ ይመጣሉ። እንዳትስቅ፣ ቶሎ እሺም እንዳትል። እግራችንን ስታየው ግን ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ማን እንደሆነ ይገባሃል።

ሒክማ