የሰልባትዮው ክዳን

ኬኔ የልጅ ልጄ፣

የጀልባሽን ሞተር ዛሬ ደግመሽ እንዳትፈቺው። ካርቡራተሩም ፊልትሮውም ደኅና ናቸው።

የነዳጁን ሰልባትዮ ከአልጋዬ ሥር ስለምታሳድሪው ሽታው ራሴን አዞረኝ። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጧፍ ሰም ደፈንኳት። ለምን እንደተበሳች አልጠየቅኩም።

ትናንት መካኒኩ ጋሩማ ለአንድ ሰውዬ ሲያስረዳ ሰማሁ። «ሰልባትዮው አየር ካላገኘ ቤንዚኑ አይሳብም። ሞተሩ ይነሳና አሥር ደቂቃ ሄዶ ይጠፋል» አለው።

ያንቺም ማክሰኞ ስድስት ሰው አሳፍረሽ ወንዙ መሀል የጠፋብሽ እንደዚያው ነው።
እኔ ዳር ቆሜ ነበር።

ሰሙን በመርፌ አውጥቻለሁ፤ አንቺም ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አድርገሽ እያት። ከዚያ የነዳጁ ቱቦ ላይ ያለውን የጎማ ፓምፕ እስኪጠነክር በእጅሽ ጭመቂው። ሰው ሳታሳፍሪ፣ የጀልባውን ገመድም ሳትፈቺ፣ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ አስነስተሽ ጠብቂ። አሥር አላልኩም።

ኢቢሳን «ቤንዚኑን በውሃ ቀላቅለህ ሸጥክልኝ» ብለሽ በሰው ፊት አዋርደሽዋል። ልጁ አልቀላቀለም። እውነቱን ልነግረው ቤቱ ድረስ ኡኬ ከተማ ሄጃለሁ። አንቺ ብትሆኚ በስልክ ነው የምትነግሪው። ስመለስ እሱን ይዤው ከመጣሁ ቁጭ ብለሽ አትቀበይው።

ቀዳዳዋን የደፈንኩት ወንዝ እንዳትወርጂ ብዬ አይደለም። ሳትጠይቂኝ መልሼልሻለሁ።

ይህን ወረቀት መቅዘፊያው ላይ ያሰርኩት ግን መቅዘፊያውን ይዘሽ እንድትወርጂ ነው።

አኮሽ ሸዋጌጥ