ብርማ ኳስ ይዛ የቆመችው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ጎርፉ ዛሬም አልሆነም። ማለቴ የኮምፒውተሩ ጎርፍ። ሲያሰላ አድሮ ጠዋት ስገባ ውሃው ግድግዳውን ሰንጥቆ ወጥቶ ሄዷል። ግድግዳው ድፍን መሆኑን መንገር ረስቼ ኖሯል። ኮምፒውተር ካልነገሩት ግድግዳ አያውቅም።

ማታ አባባ ጋ ጎራ አልኩ። ያው ጥያቄ፤ ዛሬ ምን ሠራሽ? ለፊልም የሚሆን ጎርፍ አልኩት። "እ..." ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው። ለሱ ሥራ ማለት በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ጎርፉ አለቀ። ተዋናዮቹ የቆሙት ጉልበት በማይደርስ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ከኋላቸው ሰማያዊ ጨርቅ። የቀረውን ሁሉ በኮምፒውተር የሞላነው እኛ ነን። እያንዳንዷ ጠብታ ማንን እንደምትገፋ ተሰልቶ። አለቃ አይቶ "ያስፈራል" አለ። ከሱ አፍ ይህም ብዙ ነው።

ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በቴሌቪዥን ሊወጣ ነው። እኔም አለሁበት፤ ገንዳው ዳር ብርማ ኳስ ይዤ። ኳሱ ላይ የቦታው ብርሃን ይታያል፤ ያንኑ ብርሃን እኛ በሠራነው ውሃ ላይ እናሳርፋለን። ለአባባ ነገርኩት። ሬዲዮኑን ዘጋ።

"አንቺው ራስሽ? ፊትሽ ይታያል?"

ይታያል አልኩት። የፀጉር ቤት ጓደኞቹን ሊጠራ ነው። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ ነበር...

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ዳይሬክተሩ ጋዜጠኞች ፊት "አንዲትም ጠብታ በኮምፒውተር አልተሠራችም" አለ። መጀመሪያ ሳቅን። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ የሚባለው ለካ ለኛ ነው።

ከሰዓት አለቃ ጠራኝ። ከቪዲዮው ላይ ሰማያዊውን ጨርቅ አጥፍቼ ሰማይና ሕንፃ እንድተካበት። ተመልካቹ ሁሉንም እውነተኛ ነው እንዲል።

"አንቺም ከምስሉ ትወጫለሽ" አለኝ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ። ኳስ የያዘች ሴት ካለች ኮምፒውተር አለ ማለት ነዋ።

ሌላ ሰው ያጥፋኝ አልኩት። ካንቺ የተሻለ የለም አለኝ። ደግሞ ትንፍሽ ላንል ፈርመናል። እምቢ ብል የሚቀጥለውን ፊልም ለሌላ ይሰጡታል፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ በኔ ምክንያት ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ራሴን ሰረዝኩ። መጀመሪያ ኳሱን ከነእጄ። ከዚያ ትከሻዬን። ፊቴን መጨረሻ ላይ። በቦታዬ ግንብ ሞላሁበት።

ገንዳው ውስጥ መልኬ ይታይ ነበር፤ ትንሽ፣ የሚንቀጠቀጥ። ልተወው? ማንም ልብ አይለውም ነበር። አባባ ግን ይለየኝ ይሆናል... አላስችለኝ አለ፤ እሱንም አጸዳሁት። እንከን ያለበት ሥራ ከእጄ አይወጣም። ኩራት ነው ይሄ ወይስ ባርነት?

አለቃ "ንጹሕ ነው" አለ። ጠላሁት። ራሴንም።

ለአባባ አልደወልኩም። ምን ብዬ?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

አባባ ቤት። ጓደኞቹ መጥተዋል፣ ፀጉር አስተካካዩም አለ። ወንበር ከጎረቤት ተውሷል። መነጽሩን ደጋግሞ ጠረገ። ቪዲዮው ተጀመረ፤ አለቀ። ገንዳው ዳር ግንብ ብቻ።

"አለፈችን እንዴ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ቆርጠውት ይሆናል አልኩ። ዳይሬክተሩ ብቅ ብሎ ሁሉም እውነተኛ ውሃ ነው ሲል ማንም ወደ እኔ ዞር አላለም። እንዳያሳፍሩኝ ነው። ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። ከሁሉ ያ ከፋኝ።

ሰዎቹ ሲሄዱ አባባ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሥራ መፍታት እኮ ነውር አይደለም፣ ልጄ። እኔን መዋሸት ግን ምን አስፈለገሽ?"

የተዋሳቸውን ወንበሮች መሰብሰብ ጀመርኩ። ብናገርስ? በዓይኑ ያየውን አምኗል። ያሳመንኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

አዲስ ፊልም መጣ። የእሳት ቃጠሎ። ዳይሬክተሩ ከወዲሁ ሁሉንም በእውነተኛ እሳት ነው የምሠራው እያለ ያወራል። አለቃ እሳቱን ለኔ ሰጠኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ አባባ ደወለ። ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል። የመታወቂያ ፎቶ ማስተካከል፣ ጀርባውን ነጭ ማድረግ። "ኮምፒውተር ትንሽ ትሞክራለች ብዬዋለሁ። አታሳፍሪኝ" አለኝ። ለምኖልኛል። ሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው።

መልቀቂያዬን ለአለቃ ሰጠሁት። እሳቱንስ ማን ይሠራዋል አለኝ። እውነተኛ አይደል እንዴ አልኩት።

ሰኞ እጀምራለሁ። አባባ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ነው የሚውለው። ቀና ሲል ስሠራ ያየኛል።