ሽታዬ ሳታውቅ የሳቀችበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 8 ቀን 1963

ከሽታዬና ከእናቷ በቀር ሁሉም ያውቃል። የማስተምራቸው የክፍሏ ልጆች ሳይቀሩ። እኔ የሰማሁት በእረፍት ሰዓት ነው፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ዘርጋ አጥሩ ሥር አስጠሩኝ። የሽታዬ አባት ጋሽ ገብሬ ጨርቅ ሊያመጡ ድሬዳዋ ሄደው፣ ሦስት ቀን ታመው አረፉ። እዚያው ተቀበሩ። ወንድማቸው ከድሬዳዋ እስኪመጣ ለሚስትም ለልጅም መርዶ አይነገርም። «የኔ ልጅ፣ ሆድ ይፍጀው። የልጆቹንም አፍ ያዢልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? የእኛም አገር ደብረ ብርሃን እንዲሁ ነው። የእናቴን መርዶ የሰማሁት በተቀበረች በስምንተኛው ቀን ነው።

ጋሽ ገብሬን በዓይን ያየኋቸው ሁለቴ ብቻ ነው። መርካቶ ሱቅ ነበራቸው። በየወሩ ለልጃቸው አንድ ቀጭን፣ የሚያስቅ ልብ ወለድ በአውቶቡስ ይልካሉ። እሷ ክፍል ታመጣዋለች፤ ማክሰኞ ይነበባል፤ ልጆቹ አስተያየታቸውን ጽፈው ይልኩላቸዋል። «ካልሳቃችሁ ንገሩኝ፣ ከሸጠልኝ ሰውዬ ጋር እጣላለሁ» ብለው ጽፈውልን ያውቃሉ።

የዚህ ወር መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ነገ ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ

ራሴን አመመኝ ብዬ ላልፈው ነበር። ሽታዬ ብድግ አለች፤ «እትዬ፣ እኔ ላንብብልዎት?»

ዶሮውን ሊሸጥ ሰባት ገበያ የዞረ ሰውዬ ታሪክ ነው። በሸጣት ቁጥር ዶሮዋ ቀድማው ቤት ትገባለች። ሽታዬ የሰውዬውን ድምፅ ታወጣለች፣ የሚስቱን ታወጣለች፣ የዶሮዋንም ጭምር። ሳቋ እያቋረጣት ሁለቴ ቁጭ አለች። ልጆቹ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ደምሴ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ አስተያየት።

ነስሩ፦ «ሰውየው ቂል ነው። እንሴኖ ገበያ ቢመጣ የዶሮ እግር እንዴት እንደሚታሰር እናሳየው ነበር።»

ሽታዬ፦ «ብትታሰርማ መጽሐፉ በሁለት ገጽ ያልቅ ነበር! ምን ልታነብ?»

በለጡ፦ «ሚስቱ ከሱ ትሻላለች። ለምንድነው ትንሽ ብቻ የምታወራው?»

ሽታዬ ደግሞ «አባቴ ይኼን የመረጠው እሱ ራሱ ዶሮ ስለሚፈራ ነው። እውነቴን ነው፣ ይፈራል!» አለች። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ማጥፋት ጀመርኩ። ምንም አልተጻፈበትም ነበር።

ረቡዕ

የዛሬውን ሥራዬን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አስተያየቶቹን ሁልጊዜ የምትሰበስበው ሽታዬ ናት። እኔ ልሰብስብ ብል «አይ፣ እትዬ፣ የአባቴ እኮ ነው» አለች። ደምሴ ዘንድ ስትደርስ አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁት። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ገብሬ የላኩልን መጽሐፍ ጥሩ ነው» ይላል። ልጁ ክፋት የለበትም። የሞተ ሰው ስም እንዲያው ደርቆ አይጠራም ተብሎ ያደገ ነው፤ እጁ አመለጠው።

ነጥቄ ቀደድኩት።

«ምን ጽፎ ነው፣ እትዬ?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። «ስድብ ነው የጻፈው» አልኩ። ለማስመሰልም ደምሴን አንበረከክሁት። ከመስቃን ገጠር በእግሩ የሚመጣ ልጅ፣ አቧራው ከጉልበቱ ሳይራገፍ። ሽታዬ አጠገቡ ቆማ «አባቴ ምን አደረገህ?» አለችው። አቀርቅሮ ዝም አለ። ከእኔ ይልቅ እሱ ሰው ነው።

ሐሙስ

የአስተያየቶቹን ፖስታ «እኔ እልከዋለሁ» ብላት አልሰማ አለች፤ አብራኝ አውቶቡሱ ድረስ መጣች። ስለዚህ መስጠት ግድ ሆነብኝ። ረዳቱ አድራሻውን አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። እሱም ያውቃል። ኮፍያውን አወለቀ።

«መልሱን ቶሎ አምጣልኝ። ባለፈው ጊዜ አዘግይተሃል» አለችው።

«እሺ፣ እህቴ» አለና ፖስታውን በደረት ኪሱ ከተተ። ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። በመንገድ ላይ ሽታዬ የሚቀጥለው መጽሐፍ ምን እንደሚሆን ስትገምት መጣች፤ የሌባ ታሪክ እንዲሆን ትፈልጋለች፣ የማይችልበት ሌባ። እኔም «ጥሩ ይሆናል» አልኩ።

ቅዳሜ

አጎቷ ትናንት ማታ ገባ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ። እኛ ሴቶቹ አጥሩ ሥር ቆመን እንጠብቅ ነበር። የእናቷ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ሁላችንም ጮህን።

ሽታዬ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣችና እኔን ስታይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ አባቴ! አባቴ!» ከዚያ ድንገት ለቀቀችኝ። ጥቁር መልበሴን አየች። ከእኔ ኋላ በለጡን አየች፣ እሷም ጥቁር ለብሳለች።

«መቼ ሰሙ?»

«ሰኞ።»

ቆጠረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። «ማክሰኞ ስቄ ነበር እኮ» አለች። «እናንተም ሳቃችሁ።»

ገብታ እናቷ ሥር ተቀመጠች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 16

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እናቷ እጄን ይዘው «ልጄን አምስት ቀን አሳርፈሽልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሽታዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወግ ነው፣ ያለ ነው፣ ለእኔም የተደረገ ነው እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ግን ያኔ እኔም ጎረቤቶቼን ዓመት አላናገርኳቸውም። እንዴት ረሳሁት? ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 22

መጣች። ጥቁር ቀሚስ፣ ፀጉሯ ተላጭቷል።

ትምህርት ሳልጀምር ደምሴን አስነሣሁትና በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። «ደምሴ አልተሳደበም። የጻፈው ነፍስ ይማር ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ልጁ አፍሮ ቶሎ ተቀመጠ። ሽታዬ ዞራ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ሌላ የደበቁኝ ነገር አለ?»

«የለም፣ ልጄ።»

«ይማሉ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

አመነችኝ አላመነችኝ እንጃ። ደብተሯን ከፈተች፤ እኔም የሒሳቡን ትምህርት ጀመርኩ።