አንተ የገባህበት፣ እኔ የቀረሁበት ክፍል

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከረምህ? እኔ አለሁ። መኖር ከተባለ ማለቴ ነው። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ። እሷ እንኳ ከአንተ ትሻላለች፣ ሲነኳት ትመልሳለች። አትቆጣ፣ ስቀልድ ነው። በስልክ የልጃችንን የድንቡሼን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «አይሰማም፣ ይቆራረጣል» እያልክ ስትዘጋብኝ ነው ወደ ወረቀት የዞርኩት። ወረቀት አይቆራረጥም።

ማክሰኞ ሆስፒታል ዋልኩ። አትደንግጥ፣ አላመመኝም። በአደጋ ክፉኛ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ስለሚገቡ ሰዎች ሕክምና ወደፊት ምን ምን ይጠና፣ የትኛውስ ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የአምቡላንስ ሾፌሮችና ከአደጋ የተረፉ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። እኔን በቤተሰብ ወገን ጠሩኝ። ያ የሞተር ብስክሌት አደጋ ልጃችንን ከነጠቀን ወዲህ እዚያ እየተመላለስኩ ስጠይቃቸው የኖርኩትን አልረሱም። ነዝናዛነቴ ለቁም ነገር በቃ ማለት ነው።

ገና ስንቀመጥ ሰብሳቢዋ «እዚህ ዶክተር፣ ሲስተር የሚባል የለም፤ ሁላችሁም በስማችሁ ተጠራሩ» አለች። ሐኪም ሲፈራ በኖረ አፌ እንዴት ብዬ! ጎኔ የተቀመጠውን የቀዶ ሕክምና ሐኪም በባዶ ስሙ መጥራት ቢያቅተኝ «ልጄ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው፣ ሸበቶው የአምቡላንስ ሾፌር ሳይቀር «ልጄ» ይለው ጀመር። ሰውዬው እኮ ራሰ በራ የልጆች አባት ነው! ብታይ ትስቅ ነበር። ሳቅህን ከሰማሁ ቆየሁ።

ጥያቄዎቹ ካርድ ላይ ተጽፈው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። በመስኮቱ በኩል ያሉት ይቀድማሉ፣ በበሩ በኩል ያሉት ይቆያሉ። የሚያልፉት ዐሥሩ ብቻ ናቸው፤ ካርድ የሚንቀሳቀሰውም ሁላችንም ስንስማማ ነው። የሚፈስ ደም ቶሎ የሚቆመው እንዴት ነው? መንገድ ላይ ምን ይሠራ፣ ምንስ ሆስፒታል እስኪደረስ ይቆይ? እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። የእኔ ጥያቄ በሩ ጋ ተጥሏል፦ ሐኪሞቹ ነፍስ ለማዳን ሲታገሉ ቤተሰብ ከተጎጂው አጠገብ ቢቆም ቤተሰቡን ይበጀዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ሐኪሙ «እናቴ፣ ስንቱን አይቻለሁ» አለ። «ራሱን ስቶ የሚወድቅ አለ፣ እጃችንን የሚይዝ አለ። ያዩት ነገር ደግሞ ዕድሜ ልክ ከዓይናቸው አይጠፋም። የማናስገባቸው ለእነሱው ብለን ነው።»

ደሜ ፈላ። «ለእኔው ብላችሁ ነዋ ያስቀራችሁኝ!» አልኩት። «ያን ቀን አንድ ሰው ብቻ ይግባ ተባለና አባቱ ገባ። እኔ የልጄን ጫማ ታቅፌ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ይኸው ባለቤቴ ያየውን መናገር አቅቶት ቤቱን ጥሎ ወንድሙ ዘንድ ገባ። እኔ ደግሞ ያላየሁትን እያሰብኩ አብዳለሁ። በል እስቲ ንገረኝ፣ ከሁለታችን የባሰ የተጎዳው ማነው?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና «አላውቅም» አለ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ማናችንም በቅጡ አናውቅም።» ካርዱን በገዛ እጁ ወደ መስኮቱ ገፋው። ሾፌሩ «ልጄ፣ ትንሽ ጨምርበት እንጂ!» አለ። ሁሉም ተስማሙና ዐሥረኛ ሆኖ ለጥቂት አለፈ።

እንኳን ደስ ያለዎት እያሉ ጨበጡኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ቤት ገብቼ የምነግረው ሰው ሳጣ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰብሳቢዋን ጥናቱ መቼ ያልቃል ብላት ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙ ቤተሰብ መጠየቅ አለበት አለችኝ። ይጠይቁ፣ ለሌላ እናት ይደርስላታል። የእኔ መልስ ያለው አንተ ጋ ነው። በመሄድህ ተቀይሜሃለሁ፤ ቢሆንም ከማንም በላይ የምናፍቀው አንተን ነው። ድንቡሼ ነፍሱን ያውቅ ነበር? «እማ የት አለች?» ብሎ ነበር? ብሎ ከሆነ ምን ብለህ እንደመለስክለት ንገረኝ። ሳይጠራኝ ከሆነም ንገረኝ፤ እችለዋለሁ። እኔን እንዳያመኝ ብለህ ብቻህን አትታመም።

መጻፉ ከከበደህ ና። ማውራቱም ከከበደህ ና፣ ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን።

ያየኸውን ያሳየህ አምላክ ችሎታውን ይስጥህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ። ወንድምህን ሰላም በልልኝ። እህል ቅመስ።

ሚስትህ፣
የድንቡሼ እናት