የደፈኑት መተንፈሻዎች

ጎንደር፣ ነሐሴ ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኃይለ ጊዮርጊስ ሐብተ ማርያም፣ አዲስ አበባ።

አስቀድሜ ጤናህን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ተናድጃለሁና ይቆየኝ። እናትህ ድናለች። ይህን እወቅና ቀሪውን ተቀምጠህ አንብብ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። «እናቴን ልገድላት ነበር፤ ከእንግዲህ የቤት ፕላን አልነድፍም፤ በመስከረም ሥራዬን አስረክቤ ወደ ጎንደር እመለሳለሁ» ብለሃል። ጎንደር መጥተህ ምን ልትሆን? ጾመ ድጓ ሳትዘልቅ በጭነት ማኪና ተሳፍረህ የኮበለልኸው አንተ አይደለህም? ስምንት ዓመት እርሳስና ማስመሪያ ይዘህ የተማርኸውን በአንዲት ወረቀት ወርውረህ ልትመጣ! ነገር ሲጠነክርብህ መሸሽ የልጅነት ጠባይህ ነው፤ አለቀቀህም።

ስለ ቤቱም ልንገርህ፤ አልወደድሁትም። የአባቴ የሣር ቤት ስልሳ ዓመት ቆሟል። ጢሱ በክዳኑ እየሰረገ ይወጣ ነበር፤ ማንም ፕላን አልነደፈለትም። አንተ መጥተህ አስፈረስኸው። ቆርቆሮ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ ባለ መስተዋት መስኮት አመጣህ። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ዳዊት እንኳ በቅጡ መድገም አልቻልሁም። ይህ አልበቃ ብሎህ ከኮርኒሱ ሥር በአራቱም ማዕዘን ጡብ የሚያሾልክ ቀዳዳ አስከፈትህ። ግንበኛው አያ አድማሴ፣ «ጌታው፣ ይህ ለወፍ ማደሪያ ነው ወይ?» ቢልህ፣ «ለአየር ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንደ ሣር ቤት አይተነፍስም፤ በር ዘግታችሁ ከሰል ያስገባችሁ ቀን የሚያድናችሁ ይኸው ነው» አልኸው። እኔም አጠገባችሁ ቆሜ ሰማሁ፤ ለእኔ ብለህ እንደ ተናገርኸውም ገብቶኝ ነበር።

እናትህ የወደቀችው ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ በረዶ ጥሎ አገሩ ሁሉ ነጥቶ ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ። እሷ በርና መስኮቱን ዘግታ፣ ምድጃ ሙሉ ከሰል አስገብታ ጥጥ ስትፈትል ቆይታለች። ስመለስ ወለሉ ላይ ተዘርራ አገኘኋት። ብጠራት አልሰማችም። ለዜማ እንጂ ለጩኸት ድምፄን አውጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽሁ። ጎረቤታችን ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ሮጦ ደረሰና ሁለታችን ወደ ደጅ አወጣናት። ዝናቡ ፊቷን ሲመታት አስታወከች፣ ዓይኗን ገለጠች፤ እኔን ግን ወዲያው አላወቀችኝም። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልጽፍልህም። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ተኛች።

እዚያ የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ «የመታት የከሰል ጢስ ነው፤ ቤቱ መተንፈሻ የለውም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ይሰማ ነበር። እኔም «ልጄ እንዲህ አድርጎ ነደፈው» አልሁ። ለአንተም ያንኑ ጻፍሁልህ።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም፤ ደብሩን አዳረሰው። ለደብሩ አርባ የቆሎ ተማሪዎች ማደሪያ የነደፍኸውን ፕላን የደብሩ ሽማግሌዎች ጠቅልለው መለሱት። የሥራው ኃላፊ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም ይቅር አላሉም፤ አያ አድማሴ ያለ ፕላን በልማዱ ይሥራው ተባለ፤ የእሱ ልማድ ደግሞ መተንፈሻ አያውቅም። አርባ ልጆች በአንድ ዝግ አዳራሽ፣ በክረምት፣ ከሰል አንድደው ሊተኙ ነው። ይህ ሲወሰን እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

እናትህ ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብዳቤህን ያነበብሁላት እኔው ነኝ። «እናቴን ልገድላት ነበር» ካልኸው ላይ ስደርስ ልዘለው አስቤ ነበር፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ ስለ ነበር አነበብሁት። እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አንቱ፣ ቀዳዳዎቹን ማን ደፈናቸው?» አለችኝ።

ደብዳቤህን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትሁት።

«ምነው ዝም አሉ? አሮጌ ነጠላዬ ሲጠፋ ያላወቅሁ መሰለዎት? ኖራው ከጥፍርዎ ሥር ሲነጣስ? ለብርዱ ብለው ነው ብዬ ተውሁት። ከሐኪም ቤት ስወጣም፣ ሊቅ ሰው ናቸው፣ በሰው ፊት ያፍራሉ ብዬ አፌን ያዝሁ። ልጄ ግን ሸጋ ሥራውን በእርስዎ ጥፋት አይጥልም። ጻፉለት።»

እንግዲህ እነሆ ጻፍሁልህ። የሐምሌ ሥላሴ በዓል እየቀረበ ነበር። ነፋሱ በራስጌዬ እየገባ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። መሪጌታ ድምፁ ከተዘጋ ምን ይቀረዋል? ያ ሁሉ ካህን በተሰበሰበበት ማኅሌት ድምፄ ተሰብሮ መሳቂያ እንዳልሆን ፈራሁ። በሰኔ መጨረሻ፣ እናትህ ገበያ በሄደችበት፣ በርጩማ ላይ ቆሜ የነጠላውን ቁራጭ ወተፍሁ፤ ጭቃ በጭድ አቡክቼ ደፈንሁ፤ እንዳይታወቅ በላዩ ኖራ ቀባሁ። አራቱንም። የነገርኸኝን ረስቼ አይደለም። ፊደል ያስቆጠርሁህ እኔ ሳለሁ፣ አንተ እኔን የምታስተምረኝ ነገር ይኖራል ብዬ ስላላመንሁ ነው።

ፕላንህ ጥፋት የለበትም። እናትህን ልገድላት የነበርሁት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ይህን ይዘህ እንዳትኩራራ። ቆርቆሮህ ዛሬም ይጮኻል፤ ሲሚንቶህም ጉልበቴን አቀዝቅዞታል። ጭቃውን ትናንት በመዶሻ ፈልፍዬ አወጣሁት። ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል፤ እኔም አንገቴን በጋቢ ጠምጥሜ እየሳልሁ ነው የምጽፍልህ፤ ደስ ይበልህ። ሥራህን ብትለቅ ግን ከደጄ አላስገባህም። የተማሪዎቹን ማደሪያ ፕላን እንደገና ገልብጠህ ፈጥነህ ላክ። መተንፈሻዎቹንም በርጩማ ላይ የቆመ መሪጌታ ከማይደርስበት ከፍ አድርጋቸው።

ከዚህ በላይ ልጽፍልህ የምፈልገው ነበረኝ፤ እናትህ ግን ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። ጽፌአለሁ ብላት አላመነችኝም። ይህን ወረቀት ከእጄ ተቀብላ፣ ፖስታ ቤት ሳይደርስ፣ ለቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ልታስነብበው ነው። ሠላሳ ዓመት በማኅሌት መካከል ስሕተቱን እየነቀስሁ ያሳፈርሁትን ሰው ታውቀዋለህ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብበዋል፤ እኔም አብሬ እንድቀመጥና እንድሰማ አዝዛኛለች።

ሥላሴ እጅህን ይባርኩት። የእኔን ጥፋት ይቅር ለማለት ቢከብድህ አልፈርድብህም፤ ብቻ እርሳስህን አታስቀምጥ።

መተንፈሻዎቹን የደፈንሁት አባትህ፣
መሪጌታ ሐብተ ማርያም