በሜሮን አንገት ላይ ያለው ክር

ተሼዬ፣

በማማ ኖምሳ በር ላይ ለቆሙት ሰዎች «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አላልኩም። ሌላ ነገር ነው ያልኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። አንተም ዕድሜህን ሙሉ የሳቅክበትን ቀልድ እውነት ነው ብለህ እንዳመንክ ሄድክ።

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። የዚህ አገር ክረምት፣ ዝናብ የሌለበት፣ ነፋሱ ከንፈር የሚሰነጥቀው። ሦስተኛው እየገባ ነው። ሰፈራችን ሂልብሮው ያው እንደተውከው ነው፤ ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም፣ እኔም ደረጃውን መሃል ላይ አረፍ እያልኩ ነው የምወጣው። ትንሿን ክፍል ለሁለት የወላይታ ልጆች አከራየኋት፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ቀስ ብለው ሲዘምሩ ይሰማኛል። ጀፕ፣ የኛ ሰዎች ገበያ ያለውን ሱቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁት። አሁንም ብርድ ልብስና መጋረጃ ነው የምሸጠው። ወንበርህን መጀመሪያ ሰሞን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም ነበር። አሁን አሮጊት ደንበኞች ይቀመጡበታል፤ ባንተም ዘመን የሚቀመጡበት እነሱ ነበሩ።

ማንበቤንም አልተውኩም። ፊደሉን ከመዝሙረ ዳዊት፣ እንግሊዝኛውን ከካርቶን ላይ ስለቅም «አንቺስ ሱቁን በሙሉ አንብበሽ ጨረስሽው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁን የልጃችንን የሜሮንን መጻሕፍት ነው የማነበው። የሚገባኝም የማይገባኝም አለ። የዛሬው ጉዳይ የመጣው ግን ከገባኝ ወረቀት ነው።

ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አላየሃትም። ሕግ ታጠናለች፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከበዳት። ምሳዋን ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ብቻዋን ትበላ እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ከሶዌቶ የመጡት ከሶዌቶዎቹ ጋር፣ ሀብታሞቹ ከሀብታሞቹ ጋር ሲቀመጡ፣ እሷ ለእነዚያም ለእነዚህም የውጭ አገር ሰው ሆነችባቸው። ከዚያ ቴምቢ የምትባል ልጅ አገኘቻት። ቴምቢ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ሳቋ ከበር ውጭ የሚሰማ የዙሉ ልጅ ናት፤ ብታያት ትወዳት ነበር።

ሁለቱ ሆነው አንድ ማኅበር ለማምጣት ተነሡ። አሜሪካ ውስጥ በየዩኒቨርሲቲው ያለ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው፤ በሦስት የግሪክ ፊደላት ይጠራል፣ ሴቶቹም እስኪያረጁ ድረስ እህትማማች ሆነው ይኖራሉ። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትደርሳለች፣ አንዷ ሥራ ስታገኝ ለታናሿ በር ትከፍታለች። ሜሮን ስታስረዳኝ «እንደናንተ የጽዋ ማኅበር በይው፣ እማ፤ ጠላው ብቻ ነው የሌለው» አለችኝ። እዚህ እነሱ ግቢ ቅርንጫፍ ኖሮት አያውቅም። ለመክፈት አሥራ ሁለት መሥራቾች ያስፈልጋሉ፤ ከአሥራ ሁለት ካነሱ አይከፈትም። ልጅህ አንድ ዓመት ሙሉ በየማደሪያው እየዞረች ሴት ልጆች ስታሰባስብ ከረመች። ተሼ፣ ስልኳ መጥራት ጀመረ። ማታ ከክፍሏ ሳቅ ይሰማኝ ጀመር። አንተ ከሄድክ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የመክፈቻው ሥርዓት ቅዳሜ ነው። ከአሜሪካ ሁለት ትልልቅ ሴቶች መጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ሜሮን የሥርዓቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣች፤ እኔም ተቀምጬ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ይገባሉ። አንገታቸው ላይ ምንም ነገር አይኖርም፤ ሐብልም፣ ክርም፣ ሻርፕም። መሐላውን ከፈጸሙ በኋላ የማኅበሩ ሪባን በባዶው አንገታቸው ላይ ይታሰርላቸዋል። እዚያ ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት።

ሜሮን ማተቧን አልፈታም ብላለች።

ለአሜሪካኖቹ ሴቶች ጽፋላቸው ነበር። በትሕትና መለሱላት፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ ፈትታ ከሥርዓቱ በኋላ መልሳ ማሰር ትችላለች፣ ደንቡ ግን ለማንም ተቀይሮ አያውቅም አሏት። እሷም ማተብ እንደ ጌጥ የሚፈታና የሚታሰር ነገር አይደለም ብላ መለሰች። አሁን መሥራቾቹ ልክ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ልጅ ወደ ደርባን ተዛውራ ስለሄደች ትርፍ የለም። ሜሮን ከወጣች ቅርንጫፉ ራሱ ይቀራል። ነገሩ ለሌሎቹ ተሰምቶ ከትናንት ጀምሮ በስልክ የጋራ ቡድናቸው ውስጥ መልእክት አያቋርጥም። አንዷ ለአንድ ክር ብለሽ ነው ወይ ሁላችንን የምታስቀሪን አለቻት። ሌላዋ ድሮም አገርሽ እዚህ አይደለም ብላ ጻፈች። ሜሮን ያንን አሳየችኝና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። መልሷን ነገ ዓርብ እስከ ማታ ድረስ ትሰጣለች።

ትናንት ቴምቢ እቤት ድረስ መጣች። እንጀራውን በወጥ አድርጋ እየበላች «ማ፣ ልጅዎ ገና ጠበቃ ሳትሆን እኛን ከሰሰችን» ብላ አሳቀችን። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ የፍየል ቆዳ አምባሯን አሳየችኝ። ለሞቱት አያቶቿ ፍየል ሲታረድ የታሰረላት ነው፤ እስኪበጠስ ድረስ አይወልቅም። እሷ ረጅም እጅጌ ለብሳ ልትሸፍነው ነው፤ ደንቡ አንገት እንጂ እጅ አይልም። ለሜሮንም እንዲህ የሚሸፈንበት መንገድ ስትፈልግ ሰንብታለች፤ አንገት ግን መሸፈኛ የለውም። በመጨረሻ ለእኔ ሳይሆን ለሜሮን፣ ያለ አንቺ ይህ ማኅበር የለም፣ ከመጀመሪያውም ሐሳቡ ያንቺ ነው አለቻት። ቀልድ አልጨመረችበትም። ስትወጣ ደረጃው ድረስ ሸኘኋት፤ አቅፋኝ ሄደች።

ከዚያ እኔና ሜሮን ብቻችንን ቀረን። እንደ እናት ልመክራት ብዬ ተሳሳትኩ። እግዚአብሔር ልብን ያያል፣ ክር ክር ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ያንተ ነው፣ ታውቃለህ።

«እማ፣ ይሄ ክር ከአያቴ እንዝርት የወጣ ነው። አባዬ ክርስትና የተነሣሁ ቀን በገዛ እጁ ያሰረልኝ ነው። አባዬ ያሰረውን እኔ እንዴት ልፍታው?»

ትሪውን ማንሳት ጀመርኩ። እሷ ግን አልተወችኝም።

«አንቺ ብትሆኚ ትፈቺው ነበር?»

«አልፈታውም» አልኳት።

ተሼ፣ አየህ? ዘንድሮም ዋሸሁ።

አሁን ሱቃችን ቶኮዛ በነበረ ጊዜ የሆነውን ልንገርህ። አንተ ለዕቃ ጀፕ ወርደህ ነበር። ሜሮን የፊት ጥርሷ ገና የሚወልቅበት ጊዜ ነው፤ ትኩሳት ይዟት ሱቃችን ጀርባ ተኝታለች። መንገዱ ዳር የውጭ አገር ባለሱቆችን ለማባረር የወጡ ሰዎች ጩኸት ሲነሳ ጎረቤታችን ማማ ኖምሳ በጓሮ በር መጥታ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባችን። ልጅቷን አልጋዋ ላይ አስተኛናት። ለእኔ ሽርጧንና ራስ መሸፈኛዋን ሰጠችኝ። የእኔን ማተብ ቀሚሴ ውስጥ አስገባሁት። የሜሮን ልብስ ግን አንገቱ ሰፊ ነበር፤ ክሩ ጥቁር ሆኖ ከሩቅ ይታያል። እናትህ ፈትላ፣ አቅልማ፣ በሰው እጅ ከደብረ ብርሃን የላከችው ክር። ስታድግ እንዳይጠባት ብለህ ጫፉን ረጅም አድርገህ፣ በግራ እጅህ ደርበህ የቋጠርከው።

በማማ ኖምሳ የዳቦ ቢላዋ ቆረጥኩት። ልጅቷ አልነቃችም። ምድጃው ይነድ ነበር፤ እዚያ ከተትኩት። ጥጥ ሲቃጠል ምን እንደሚሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ልብ በል፣ የራሴን አልቆረጥኩም። የእሷን ነው የቆረጥኩት።

ሰዎቹ በሩ ላይ ሲደርሱ ማማ ኖምሳ እኔን «የእህቴ ልጅ ናት» አለቻቸው። አንደኛው አላመነም። እኔን በዙሉ ያን ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በየቀኑ ከደንበኞች የምሰማው ቋንቋ ነው፤ ቃሉ ከአፌ ለመውጣት አልዘገየም።

«አንግማዚ» አልኩ። አላውቀውም።

ሄዱ። ማታ አንተ በሰው ፒክአፕ መጥተህ ስትወስደን፣ ማማ ኖምሳ በሩ ላይ ቆማ ሚስትህ በዙሉ መለሰችላቸው፣ በአንድ ቃል ጨረሰቻቸው ብላ ታሞግሰኝ ጀመር። አንተ ምን ብለሽ ነው አልከኝ። «ሳውቦና» አልኩህ። ማማ ኖምሳ ዓይኔን አየችኝ፤ አንዳች ነገር ገባት፣ አላረመችኝም። ሜሮን እስከ አገጯ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ስለነበር አንገቷን አላየህም። አንተም ሳቅክ። ሱቃችን ተዘርፎ፣ መደርደሪያው መንገድ ላይ ተሰባብሮ፣ አንተ ሳቅክ። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ «የኔ ሚስት ሊያቃጥሏት የመጡትን ደኅና ዋላችሁ ብላ የመለሰች ናት» ትል ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም እስቃለሁ። እያንዳንዱ ሳቅ ያንን ቃል እንደገና ያስብለኛል።

በማግስቱ ያጎትህ ልጅ ሱቅ ውስጥ አረፍን። አንተ ፖሊስ ጣቢያ ልታመለክት ስትሄድ ከመጋረጃ ጥቅል ላይ ጥቁር ጌጥ ክር ፈታሁ፣ በሦስት ገምጄ አሰርኩላት። ቋጠሮውን እንዳንተ ላደርገው ሞከርኩ፤ በቀኝ እጅ ያንተ ቋጠሮ አይወጣም። ማታ መጥተህ አንስተህ ስታቅፋት ጣትህ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥቂት ቆመ። ከዚያ ልጅቷን ሳምካትና ለኔ እራት አለ ወይ አልከኝ። ያን ጣት ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ መሰለህ። ሆስፒታል በተኛህበትም እጅህን ይዤ ልጠይቅህ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። አውቀህ ዝም አልከኝ ወይስ አላወቅክም? አውቀህ ከሆነ ያ ሁሉ ቀልድ እኔን ለመሸፈን ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

አሁን ልጅህ ዕድሏን፣ ባልንጀሮቿን፣ አንድ ዓመት የደከመችበትን ነገር ሁሉ አንተ ላላሰርከው ክር ብላ ልትተው ነው። ዝም ብል ነገ ማታ አልገባም ብላ ትጽፋለች፤ አሥራ አንዱም በእሷ ያዝናሉ፣ እሷም ላንተ ታማኝ የሆነች ይመስላታል። ብናገር ደግሞ ሁለት ነገር ይወሰድባታል፤ ከአንተ የቀረላት ክርና እኔ። ትናንት እንደዚያ ቀና ብላ ያየችኝ ልጅ ነገ እንዴት እንደምታየኝ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ተሼ። ከቶኮዛው ቀን ይልቅ ፈርቻለሁ፤ ያኔ የፈራሁት የማላውቃቸውን ሰዎች ነበር።

ፍቺው ወይም አትፍቺው አልላትም። ያን የመወሰን መብት በዳቦ ቢላዋ አንድ ጊዜ ወስጄባታለሁ፤ ሁለተኛ አልወስድባትም። ግን የምትወስነው እውነቱን ይዛ ይሁን። አንገቷ ላይ ያለውን ክር ያሰረው ያንተ እጅ ሳይሆን የፈራች እናት እጅ ነው። ያም ሆኖ አስራው ያደገችው ማተብ እሱ ነው፤ ቆራቢ ሆና የቆመችው፣ አንተን የቀበረችው እሱን አስራ ነው። ይህን ከኔ ይልቅ እሷ ትመዝነዋለች። የሕግ ተማሪ አይደለች?

አንተን ስለማስታወስ ደግሞ ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ ያንን ቀልድ ሰው ሲያነሳ አልስቅም። ቃሉ ሌላ ነበር እላለሁ፤ ከዚያም ስለ አንተ እነግራቸዋለሁ፤ ሱቁ ተሰባብሮ ሳለ ሚስቱን ላለማሳፈር ስለሳቀ ሰው። እንደዚያ ይሁን አይሁን እርግጠኛ ባልሆንም፣ እንደዚያ አድርጌ ነው የምይዝህ። የሚጠይቀኝ ሲኖር አውቀዋለሁ እላለሁ። በአማርኛም በዙሉም።

እነዚህን ገጾች መጀመሪያ መቃብርህ ላይ ድንጋይ ጭኜ ልተዋቸው አስቤ ነበር። አላደርገውም፤ አንተ ምናልባት ስታውቀው ኖረሃል። ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ከመውጣቷ በፊት በእጇ የምሰጣት ለሜሮን ነው።

ባለቤትህ